በር ጠባቂው መንፈስ፤ በሳይንስ ልብ ወለድ ስለሚገኙት የጊዜ መናፍስት

ጊዜ የማይታይ ነገር ነው፤ ሥራው ግን በሁሉ ላይ ይታያል። ሕፃኑን ያሳድጋል፤ ጐልማሳውን ያስረጃል፤ ቤቱን ያፈርሳል፤ ስሙን ያስረሳል። ሥራው እየታየ ሠሪው የማይታይ ነገር ሲያጋጥመው ደግሞ የሰው ልቡና መልክ ሳይሰጠው አያርፍም። ስለዚህ የጥንት ሕዝቦች ለጊዜ ፊትና እጅ፥ አንዳንድ ጊዜም ጥርስ ሰጡት። ይህንም ያደረጉት ካለማወቅ ብቻ አልነበረም፤ መልክ የሌለውን ነገር መለመን አይቻልም፤ መልክ ያለውን ግን ባይሰማ እንኳ መለመን ይቻላልና ነው።

የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው ድርሰት የመኪናና የስሌት ዘመን ልጅ ነው። ነገሩን ሁሉ በቍጥርና በኃይል፥ በብረትና በኤሌክትሪክ አስረዳለሁ ብሎ የተነሣ፥ አማልክትንና አስማትን ከደጁ ያባረረ ድርሰት ነው። ወደ ጊዜ ነገር ሲደርስ ግን ያባረራቸውን መናፍስት መልሶ ሲጠራቸው ይገኛል። በዚያ ጊዜን የሚጠብቅ ድንጋይ ይናገራል፤ ጊዜን የሚበላ አውሬ ይበርራል፤ ጊዜ የማይነካቸው ሹማምንት በመርከብ ይሽቀዳደማሉ። ይህ የሆነው ስለ ምንድን ነው? ከእነዚህስ መናፍስት የትኛው ለድርሰቱ ምስጢር ያገለግላል፤ የትኛውስ ለዓይን መደነቂያ ብቻ ቆሟል? የዚህ ጽሑፍ ምርመራ ይህ ነው። መንፈስ መባሉም በሃይማኖት መጻሕፍት ስለሚነገሩት ሳይሆን፥ ደራሲዎች በጊዜ ላይ ስለ ሾሟቸው የልብ ወለድ ፍጥረታት መሆኑን አንባቢ ያስተውል፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅን የሚለይበት መንገድ ለዚህም ያገለግላል። አንጥረኛ ጌጥ ሲሠራ አስቀድሞ በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በስፍራው ወርቁ ይፈስሳል። ሰሙ የሚመሰገነው ለወርቁ የተስተካከለ ስፍራ ስላዘጋጀለት ነው እንጂ ራሱ ስላማረ አይደለም። በእነዚህ ታሪኮች ሰሙ የጊዜ መንፈስ ነው፤ ወርቁ የሰው ጸጸትና ሐዘን ነው፤ ይኸውም ያለፈው በተመለሰ፥ የሞተው ባልሞተ የሚለው ልመና ነው። ይህን ልመና በልቡ ያላሳደረ ሰው አይገኝም። እንግዲህ በየታሪኩ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ ሰው ከጊዜ መንፈስ ምን ለመነ? መንፈሱስ ምን መለሰለት?

አስቀድሞ የሚጠቀሰው የግሪኮች ተረት ነው። ክሮኖስ የሚባለው የጥንት አምላካቸው ልጆቹ እንዳይሽሩት ፈርቶ እንደ ተወለዱ ይውጣቸው እንደ ነበር ይተርካሉ። ጊዜም በቋንቋቸው ኽሮኖስ ይባላል። ሁለቱ ቃላት በጽሕፈት በመጀመሪያው ፊደል ይለያያሉ፤ በድምፅ ግን ስለ ተቀራረቡ ከጥንት ሊቃውንታቸው አንዳንዶቹ አንዱን በአንዱ ተረጐሙት፤ ልጆቹን የሚውጠው አባት የወለደውን ቀን መልሶ የሚበላው ጊዜ ነው አሉ። ይህ በኅብር ቃል የተሠራ ምስጢር ስለ ሆነ ለቅኔ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በዚህ ተረት ግን ልመናም መልስም የለም፤ የሚውጥና የሚዋጥ ብቻ አለ። ከኋለኞቹ ደራሲዎች አንዳንዶቹ ከግሪኮች የወረሱት ጥርሱን ብቻ መሆኑ ወደ ፊት ይታያል።

ልመናና መልስ ያለበት ታሪክ በእንግሊዝ አገር በ1843 ዓ.ም. ታተመ። ቻርልስ ዲክንስ የጻፈው የገና ታሪክ ከሳይንስ ልብ ወለድ አይቈጠርም፤ ነገር ግን ሰውን በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለ ወሰደ ለኋለኞቹ እንደ አባት ነው። ስክሩጅ በሚባል ንፉግ ነጋዴ ላይ ሦስት መናፍስት እየተፈራረቁ ይመጡበታል፤ አንዱ ያለፈውን፥ አንዱ ያለውን፥ አንዱ የሚመጣውን ያሳየዋል። ያለፈውን ሲያይ የሚያያቸው ሰዎች ጥላ ብቻ ናቸው፤ እርሱ ያያቸዋል፥ እነርሱ ግን አያዩትም፤ ያጠፋውንም ጥፋት ከዚያ ላይ ሊፍቀው አይችልም። የሚመጣውን የሚያሳየው ሦስተኛው መንፈስ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አይናገርም፤ በእጁ ያመለክታል እንጂ። ስክሩጅ በገዛ መቃብሩ ፊት ወድቆ፥ ያየው ነገር የግድ የሚሆን ነው ወይስ ሊሆን የሚችል ብቻ ነው ብሎ ሲማጠነው እንኳ ቃል አይመልስለትም። የዲክንስ ብልኀት በዚህ ዝምታ ላይ ነው። መንፈሱ ይለወጣል ብሎ ቢመልስ ኖሮ የስክሩጅ ንስሓ ዋጋው ተነግሮት የተገዛ ዕቃ በሆነ ነበር፤ አይለወጥም ቢለውም ሰውዬው ተስፋ በቈረጠ ነበር። ዝም ስላለ ግን ምርጫው በሰውዬው እጅ ቀረ።

ከ52 ዓመት በኋላ፥ በ1895፥ እንግሊዛዊው ኤች ጂ ዌልስ «የጊዜ መኪና» የሚባለውን መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ መንፈስ የለም። ስሙ ያልተገለጸ አንድ ተመራማሪ ራሱ በሠራው መኪና ላይ ተቀምጦ እስከ 802,701 ዓመት ይጓዛል። በዚያ የሰው ዘር ለሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል፤ ኤሎይ የሚባሉት ውቦችና ደካሞች በፀሐይ ላይ ይጫወታሉ፤ ሞርሎክ የሚባሉት ከምድር በታች በጨለማ ይሠራሉ፥ ሌሊትም እየወጡ ኤሎይን ይበላሉ። ነገር ግን ዌልስ መንፈሱን ቢያስወጣውም ወንበሩን ባዶ አልተወውም። የተጓዡ መኪና በተሰረቀ ጊዜ የተሸሸገው በአንድ ታላቅ ነጭ ስፊንክስ ሐውልት የነሐስ መቆሚያ ውስጥ ነው። ስፊንክስ በግሪኮች ተረት መንገደኛን እያቆመ እንቆቅልሽ የሚጠይቅ ፍጥረት ነው፤ ጧት በአራት፥ ቀትር በሁለት፥ ማታ በሦስት እግር የሚሄደው ማን ነው ይላል። መልሱ ሰው ነው፤ በሕፃንነቱ ይድኻል፥ በጕልማስነቱ ይቆማል፥ በእርጅናው ምርኵዝ ይይዛል። እንቆቅልሹ ስለ ጊዜ ነው ማለት ነው። እንግዲህ መንፈስን አላውቅም ያለው ደራሲ የጊዜን መኪና ለድንጋይ ጠባቂ አስረክቦ ተገኘ።

በዚያው መጽሐፍ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ተጓዡ ከመስጠም ያዳናት ዊና የምትባል ትንሽ ኤሎይ ትወደዋለች፤ በመጨረሻም ሌሊት በጫካ እሳት መካከል ትጠፋበታለች። ከእርስዋ የቀሩት በኪሱ የጨመረችለት ሁለት ነጫጭ አበቦች ብቻ ናቸው። መኪናው በእጁ ከተመለሰ በኋላ ግን አንድ ቀን ወደ ኋላ ሄዶ ሊያድናት ሲሞክር አይታይም። የሰው ልጅ ሁሉ መጨረሻ ያሳሰበው ዌልስ ስለ አንዲቱ ሞት ለመማጠን ጊዜ አላገኘም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ደራሲዎች ግን ይህን እርሱ ሳይጠይቅ የተወውን ጥያቄ መላልሰው ጠየቁት።

አሜሪካዊው አይዛክ አሲሞቭ በ1955 ባሳተመው «የዘለዓለም ፍጻሜ» በተባለው መጽሐፉ ሰዎችን ራሳቸውን በጊዜ መናፍስት ወንበር አስቀመጣቸው። ዘለዓለማውያን የሚባሉት እነዚህ ሹማምንት ከጊዜ ውጭ በተሠራ ቤት ይኖራሉ፤ ከሚወለዱበት ዘመን ተነጥቀው ስለ መጡ ወደ ቤተ ሰባቸው አይመለሱም። ሥራቸው የሰው ልጅ መከራ እንዳያገኘው ታሪክን ማረም ነው። ለዚህም ታላቅ ጦር አያስፈልጋቸውም፤ በስሌት ያገኙትን ከሁሉ የምታንስ ለውጥ ያደርጋሉ፤ አንዲት ዕቃ ከመደርደሪያ ወደ ሌላ መደርደሪያ ትዛወራለች፥ ከዚያም የብዙ ሰዎች ሕይወት እንዳልነበረ ይሆናል። ለእነዚህ ለጠፉት የሚያለቅስ የለም፤ ከቶ አልተወለዱምና። ለውጡን በእጁ የሚፈጽመውን ሠራተኛ ግን ባልንጀሮቹ ይሸሹታል፤ የሁሉን በደል ሳይናገሩ በእርሱ ላይ ጭነውበታልና። አሲሞቭ ሰውን ሲሥል ቀዝቃዛ ነው፤ ይህን መሸሽ ማየቱ ግን የታላቅ ደራሲ ዓይን ነው። የታሪኩም ፍርድ ብርቱ ነው። ሹማምንቱ አደጋን ሁሉ ከሰው ፊት ሲያነሡ የሰውን ድፍረት አብረው አነሡት፤ የሰው ልጅም ወደ ከዋክብት ሳይደርስ ቀረ። ሃርላን የሚባለው ሠራተኛ በመጨረሻ የሚመርጠው ቤቱ ከመጀመሪያው እንዳይሠራ ማድረግን ነው። እዚህ ላይ መንፈሱ ልመናውን ሁሉ የሚሰጥ ሆኗል፤ ሁሉን የሚሰጥ መንፈስም ሁሉን እንደሚነሣ ታየ።

ከአሲሞቭ 12 ዓመት በኋላ፥ ኤፕሪል 6 ቀን 1967፥ ስታር ትሬክ በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ትርኢት «በዘለዓለም ዳርቻ ያለች ከተማ» የሚባለው ክፍል ታየ። ድርሰቱን የጻፈው ሃርላን ኤሊሰን ነው። በአንዲት ባድማ ዓለም የፈረሰ ከተማ መካከል እንደ ቀለበት የቆመ ታላቅ ድንጋይ አለ፤ ብርሃን እየፈነጠቀ ይናገራል፥ የዘለዓለም ጠባቂ ነኝም ይላል። መኪና እንደ ሆነ ወይስ ሕያው ፍጥረት ሲጠየቅ ሁለቱንም መሆኑን፥ ሁለቱንም አለመሆኑን ይመልሳል። በቀለበቱ ውስጥ ያለፈው ዘመን እንደ ውኃ ሲፈስስ ይታያል፤ ወደዚያ መግባትም ይቻላል። ነገር ግን ዘመናቱን በዝግታ እንዲያሳያቸው ሲለምኑት አይችልም፤ በተሠራበት ሕግ ብቻ ያሳያል። በር ጠባቂው ራሱ ከሕግ በታች ነው።

ማኮይ የሚባለው ሐኪም በድንገት በተወጋው መድኃኒት አእምሮው ታውኮ በቀለበቱ ዘልሎ ይገባል፤ ወዲያውም ታሪክ ይለወጣል፤ በሰማይ ላይ የነበረችው መርከባቸው እንዳልነበረች ትሆናለች። ካፒቴን ከርክና ባልንጀራው ስፖክ ተከትለውት በ1930 ወደ ነበረችው ኒው ዮርክ ይገባሉ። ዘመኑ የሥራ ማጣትና የረኃብ ዘመን ነው። ኢዲት ኪለር የምትባል ሴት ድሆችን በምታበላበት ቤት ታስጠጋቸዋለች፤ ከርክም ይወድዳታል። ስፖክ መርምሮ የሚያገኘው ነገር መራራ ነው። ይህች ሴት በመንገድ አደጋ መሞት ነበረባት፤ ከዳነች ግን ስለ ሰላም የምትመራው ማኅበር አሜሪካን ከጦርነቱ ያዘገያታል፥ የሂትለር ጀርመንም አሸንፋ ዓለምን ትይዛለች። ኢዲት የምትሞተው ክፉ ስለ ሆነች አይደለም፤ መልካምነቷ ያለ ጊዜው ስለ መጣ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ካሚዮን እየበረረ ሲመጣ ሐኪሙ ሊያድናት ይሮጣል፤ ከርክ ግን በሁለት እጁ አንቆ ይይዘዋል። ድንጋዩ አላዘዘውም፤ አልከለከለውምም። በሩን ከፍቶ ነገሩን ለሰው ተወለት።

ይህ ታሪክ በሁለት መልክ ስለሚገኝ ለመርማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። ኤሊሰን በመጀመሪያ የጻፈው፥ ኋላም በመጽሐፍ የታተመው ድርሰት በትርኢቱ ሠሪዎች እጅ ብዙ ተለውጧል፤ ኤሊሰንም በዚህ ዕድሜውን ሙሉ ሲቈጣ ኖሯል። በመጀመሪያው ድርሰት ጠባቂዎቹ ቁመታቸው የረዘመ፥ ልብሰ ተክህኖ የመሰለ የለበሱ ብዙ ፍጥረታት ነበሩ፤ በዚያ ላይ ካፒቴኑ በመጨረሻው ሰዓት ልቡ እምቢ ይለዋል፥ ሴቲቱ እንድትሞት የሚያደርገውም ስፖክ ነው። ፍቅርን ከዓለም ሁሉ የሚያስበልጥ ሰው አለ ማለቱ ስለ ነበር የኤሊሰን ቍጣ ምክንያት አለው፤ ይህ እውነተኛ የሰው ጠባይ ነውና። ነገር ግን በሒስ ሚዛን ሲመዘን የተለወጠው ይበልጣል። የመናፍስቱ ፊትና ልብስ ተገፍፎ ድንጋይ ብቻ ሲቀር፥ ከእነርሱ የተወሰደው ክብደት ሁሉ በአንድ ሰው ክንድ ላይ ዐረፈ። ሰሙ ባነሰ መጠን ወርቁ ሰፊ ስፍራ አገኘ።

በእንግሊዝ አገር ከ1963 ጀምሮ በታየው «ዶክተር ሁ» በተባለው ትርኢት ደግሞ የጊዜ መናፍስት እንደ አሸን ፈልተዋል። ባለ ታሪኩ ራሱ የጊዜ ጌቶች ከሚባሉ ወገን ነው፤ ይህም የወገኑ ስም መጀመሪያ የተነገረው በ1969 ነው። ብዛታቸው ግን ጥቅማቸው አይደለም። በ1972 በታየው «የጊዜ አውሬ» የግሪኮች ክሮኖስ ተመልሶ መጣ፤ ጊዜን የሚበላ፥ ነጭ ክንፍ ያለው፥ በአትላንቲስ ከተማ የሚመለክ ፍጥረት ሆኖ። በስድስት ክፍል የተዘረጋ ታሪክ ሲሆን መብረርና መጮህ፥ ከተማም መጥፋት አለበት፤ ከአውሬው ኃይልን የሚሻ ሰው አለ፥ ሐዘኑን ይዞ ፊቱ የሚቆም ሰው ግን አይገኝም። ክሮኖስ ከነጥርሱ ተወረሰ፤ ልመናው ግን አልተጨመረበትም። ሰሙ ሳይቀልጥ ሰም ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ይልቅ ባርባራ ክሌግ የጻፈችው፥ በ1983 የታየው «ብርሃነ ልቡና» ሊባል የሚገባው ታሪክ ይሻላል። በዚያም ዘለዓለማውያን የሚባሉ አሉ፤ ከአሲሞቭ ሹማምንት ጋር በስም እንጂ በነገር አይገናኙም። እነዚህ ሞት የማይነካቸው ፍጥረታት በከዋክብት መካከል በሸራ መርከብ ይሽቀዳደማሉ፤ ነገር ግን በውስጣቸው ባዶ ናቸው። የራሳቸው ሐሳብና ምኞት ስለ ሌላቸው ሟቾችን በመርከባቸው ጭነው ከእነርሱ ልቡና ይመገባሉ። ከእነርሱ አንዱ ቴጋን የምትባለውን ሴት ይከተላታል፤ የሚሻው እርስዋን ሳይሆን በልቧ ውስጥ ያለውን ሕይወት ነው። እዚህ ላይ ልመናው ተገለበጠ፤ ሟች ከዘለዓለማዊ መለመኑ ቀርቶ ዘለዓለማዊው ከሟች ይለምናል። በመጨረሻም ተርሎ የሚባለው ወጣት ታላቅ ዕንቍ ወይም የባልንጀራውን ሕይወት እንዲመርጥ ይፈተናል፤ ዕንቍውን ይጥላል። የተፈለገው ብርሃንም ዕንቍው ሳይሆን ምርጫው ራሱ መሆኑ ይገለጻል። ጊዜ ሀብቱ ለሚሞት ሰው ብቻ መሆኑን ይህን ያህል ያስረዳ ታሪክ ጥቂት ነው።

የዚህ ሁሉ ጥያቄ ወደ አንድ ቤት፥ ወደ አንድ አባትና ልጅ የገባው ግን ፖል ኮርኔል በጻፈው፥ ሜይ 14 ቀን 2005 በታየው «የአባት ቀን» በተባለው ታሪክ ነው። ሮዝ ታይለር ሕፃን ሳለች አባቷ ፒት ኖቬምበር 7 ቀን 1987 በአውቶሞቢል ተገጭቶ ሞቷል፤ የገጨው ሸሽቷል፤ አባቷም ብቻውን መንገድ ላይ ሞቷል። ልጅቱ የምትለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ ሲሞት አጠገቡ ልሁን ትላለች። ስፍራው ስትደርስ ግን መቆም አልሆነላትም፤ ሮጣ ገፍታ ታድነዋለች። በዚያ ቅጽበት በጊዜ ላይ ቍስል ይከፈታል፤ አጫጆች የሚባሉ ክንፋም አውሬዎች መጥተው ሰዎችን መብላት ይጀምራሉ። ሰዎቹ ለሠርግ ወደ መጡበት ቤተ ክርስቲያን ይሸሻሉ፤ በታሪኩ ሕግ ስፍራው ባረጀ መጠን ለአውሬዎቹ ይጸናባቸዋልና።

አጫጆቹ የታሪኩ ድካም ናቸው። እንደ ክሮኖስ ጥርስ እንጂ አንደበት የላቸውም፤ ለሕፃናት ማስፈራሪያ ይበቁ ይሆናል። እውነተኛው የጊዜ መንፈስ ሌላ ነው። ፒትን ሊገድለው የነበረው አውቶሞቢል በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው መታጠፊያ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ ደግሞ ይመጣል፥ ደግሞ ይጠፋል። አይቸኵልም፤ አይናገርም፤ የቀረበትን ቀጠሮ ይጠብቃል። ከዲክንስ ሦስተኛ መንፈስ ጣት ጋር የሚተካከለው ይህ ዝም ያለ አውቶሞቢል ነው። ፒትም ነገሩን የሚያውቀው ከአውሬው አይደለም፤ ምን ዓይነት አባት እንደ ነበርሁ ንገሪኝ ብሎ ልጁን ሲጠይቃት ነው። ሮዝ ያላየችውን መልካም አባት እየፈጠረች ትነግረዋለች፤ ፒት ግን ራሱን ያውቃልና ያ ሰው እርሱ እንዳልሆነ፥ ስለዚህም በሕይወቷ እንዳልነበረ ያስተውላል። ሐሰቷ ፍቅር ስለ ሆነ እውነቱን ገለጠለት። ከዚያ በኋላ ወደ መንገዱ ወጥቶ በአውቶሞቢሉ ፊት ይቆማል።

ይህ ታሪክ ከኢዲት ኪለር ታሪክ ጋር ጐን ለጐን ሲነበብ ትምህርቱ ይጐላል። በሁለቱም ሞት የሚመጣው በመንገድ ላይ በሚበርር መኪና ነው፤ በሁለቱም የሚወድድ ሰው አጠገብ ቆሟል። በመጀመሪያው የሚወድደው እጁን ይሰበስባል፤ ዓለም ይድናል፥ እርሱ ግን ያለ መጽናናት ይሄዳል። በሁለተኛው የምትወድደው እጇን ትዘረጋለች፤ ዓለም ይቈስላል፥ የዳነው ራሱ ሕይወቱን መልሶ ይሰጣል። ልዩነቱ በመጨረሻው ላይ ነው። ፒት ሲሞት ሮዝ ሮጣ እጁን ትይዛለች። ኋላም እናትዮዋ ለልጅዋ የምትነግረው ታሪክ ትንሽ ተለውጦ ይገኛል፤ የገጨው ሰው አልሸሸም፤ አንዲት የማትታወቅ ልጅም እስኪሞት ድረስ አጠገቡ ነበረች። ሞቱ አልተለወጠም፤ ብቸኝነቱ ግን ተለወጠ። መጀመሪያ የተለመነው ትንሹ ልመና ይህ ነበረ፤ የተሰጠውም ይኸው ብቻ ነው።

ስለ ጊዜ ሹማምንት ሲነገር መጽሐፈ ሄኖክ ለዚህ አገር አንባቢ ትዝ ማለቱ አይቀርም። ምሉዕ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተገኘው ይህ መጽሐፍ ስለ ብርሃናት በሚናገርበት ክፍል መልአኩ ዑርኤል ለሄኖክ የፀሐይንና የጨረቃን መንገድ፥ የሚወጡባቸውንና የሚገቡባቸውን በሮች፥ የዓመቱን አራት ክፍሎች የሚመሩትንም አለቆች ያሳየዋል። በዚያ የጊዜ ሹም ጌታ ሳይሆን አገልጋይና መምህር ነው። ሄኖክም ያየውን እንዲሽርለት አይለምነውም፤ ጽፎ ለልጁ ለማቱሳላ ያስተላልፋል። የዘመናት ሥርዓት የሚታወከውም በኃጥኣን ዘመን፥ ስለ ሰው በደል መሆኑን ይናገራል። የዛሬ ደራሲዎች በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምረዋል፤ የጊዜን ሥርዓት ለመስበር የሚነሣሣው በደለኛ ብቻ እንዳልሆነ፥ የሚወድድና ያዘነ ሰውም መሆኑን አሳይተዋል። ሮዝ በደለኛ አይደለችም፤ ልጅ ናት።

በእነዚህ ታሪኮች ላይ ሁለት ዓይነት ነቀፋ ይሰማል። አንዱ የሕፃናት ጨዋታ ነው፥ ለትልቅ ሰው አይገባም የሚል ነው፤ ሁለተኛው ለጊዜ ጌታ መሾም የጥንቱን ጣዖት መመለስ ነው የሚል ነው። ለመጀመሪያው መልሱ ኢዲትና ፒት ናቸው፤ ከቀብር የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያስበውን ነገር የያዘ ታሪክ ጨዋታ አይደለም። ሁለተኛው ነቀፋ ግን ከፊሉ እውነት አለው። መንፈሱ የሚፈራና የሚመለክ ብቻ ሆኖ ሲቀር፥ እንደ 1972ቱ ክሮኖስ፥ ታሪኩ በእርግጥ ወደ ጣዖት ቤት ይመለሳል። መልካሞቹ ግን ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ መንፈሱን ድንጋይ፥ ጣት፥ አውቶሞቢል እስኪሆን ድረስ እያሳነሱ ሰውን ያቆማሉ።

ስለዚህ በአማርኛ እንዲህ ያለ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ወጣት ቢኖር ከአውሬው መልክ አይጀምር። አስቀድሞ ባለ ታሪኩ የትኛውን ቀን እንደሚመልስለት፥ ማንን ከሞት እንደሚያስቀርለት የሚለምነውን ይወቅ፤ ከዚያ በኋላ በሩን ይሥራ፤ በሩ ላይም ጥቂት የሚናገር ጠባቂ ያቁም። ልመናው እውነተኛ ከሆነ ጠባቂው ከድንጋይ ቢሆንም ይበቃል።

ልመናዎቹም በአንድ ቃል አልተመለሱም። ለስክሩጅ ያለፈው አልተፋቀለትም፤ የቀረውን ዕድሜ ግን አቃናው። ለከርክ የወደዳት አልዳነችለትም፤ ዓለም ግን በስፍራው ቆመ። ለሮዝ አባቷ አልተመለሰላትም፤ እጁን ግን ያዘች። ጊዜ በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ የወሰደውን አልመለሰም። የሚሞተውን ሰው ብቻውን አለመተው ግን ከጊዜ ፈቃድ የማይለመን ነገር ነው፤ ለዚያ መኪናም መንፈስም አያስፈልግም።